የትኛውን «ኤኔይድ» ላንብብ? የእንግሊዝኛ ትርጉሞቹ ሲነጻጸሩ

የሮማዊውን ገጣሚ የቨርጂልን «ኤኔይድ» ለማንበብ አስባችሁ መጽሐፍ መደብር ብትገቡ ወይም ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ አንድ መጽሐፍ አይደለም። አሥር፣ አሥራ አምስት ይመጣል። የገጣሚው ስም በሁሉም ላይ አንድ ነው። ከታች በትንሽ ፊደል የተጻፈው የተርጓሚው ስም ግን በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ያንን ትንሹን ስም ሳያየው ያልፋል። ርካሹን ያነሳል፣ አለዚያም ሽፋኑ ያማረውን።

እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ነጻ ስለሆነ ብቻ ዕድሜው ከ300 ዓመት በላይ የሆነ ትርጉም ከኢንተርኔት አወረድኩ። ግጥሙ መጽሐፍ የሚባሉ 12 ክፍሎች አሉት፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት። «ቨርጂል ለእኔ አይሆንም» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ጓደኛዬ ሌላ ትርጉም አዋሰኝ። ማታ ማታ እያነበብኩ በአሥር ቀን ጨረስኩት፤ ንግሥት ዲዶ ራሷን ያጠፋችበትን ክፍል ያነበብኩ ሌሊትማ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ግጥሙ ያው ነበር። የተለወጠው በእኔና በቨርጂል መካከል የቆመው ሰው ነው።

ስለዚያ ሰው ነው የምጽፈው። አብዛኞቻችን ላቲን አናውቅም፤ ቨርጂልን የምናገኘው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ ከ500 ዓመት በላይ ሲተረጉመው ኖሯል፤ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ቨርጂል ነው የሠራው። ልዩነቱን ካወቃችሁ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ታተርፋላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግጥሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ማንቱዋ አጠገብ ተወለደ፣ በ19 ሞተ። ሲሞት ግጥሙ አላለቀም ነበር። እንዲቃጠል ፈልጎ እንደነበር ይተረካል፤ እንዲወጣ ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር ነው፣ ያው በገና ወንጌል ላይ ሕዝብ እንዲቆጠር ያዘዘው። ታሪኩ ኤንያስ ስለሚባል ሰው ነው። ትሮይ ስትቃጠል ሽማግሌ አባቱን በጀርባው አዝሎ፣ ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ ይወጣል። ዓመታት ባሕር ላይ ይንከራተታል። ካርቴጅ ላይ ንግሥቲቱን ዲዶን ይወዳታል፣ ትቷት ይሄዳል፣ ጣሊያን ደርሶ ይዋጋል። የሮም ዘር ከእሱ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ወደ 9,900 ስንኝ ነው።

ማንም ተርጓሚ ሊያመጣው የማይችለው

የጥንቱ የላቲን ግጥም ቤት አይመታም። ይሄንን መጀመሪያ ማወቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የእኛ ጆሮ ግጥም ሲባል ቤት መምቻውን ነው የሚጠብቀው። የቨርጂል ስንኝ የሚቆመው በድምፅ ርዝመት ነው። ቀለሞቹ ረዥምና አጭር ተብለው ይከፈላሉ፣ እነሱ ተጣምረው ስድስት እርምጃ ይሠራሉ፣ አንዱ ስንኝ በአብዛኛው ከ13 እስከ 17 ቀለም ይኖረዋል። እኛ በወል ቤት ስድስት ቀለም እዚህ፣ ስድስት ቀለም እዚያ ብለን እንቆጥራለን። ላቲኑ ቁጥሩ ቢለዋወጥም ግድ የለውም፣ የሚለካው ድምፁ የሚወስደው ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ የሚቆመው በጠንካራና በላላ ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ዜማው ከመጀመሪያው አይሻገርም። ተርጓሚው የሚችለው ከራሱ ቋንቋ አንድ ዜማ ፈልጎ በምትኩ ማቆም ነው።

ሌላም አለ። ላቲን እንደ አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጨርሳል። የግጥሙ ሦስተኛ ቃል «ካኖ» ነው፤ አማርኛ «እዘምራለሁ» ብሎ በአንድ ቃል ይመልሰዋል፣ እንግሊዝኛ ሁለት ያስፈልገዋል። ማሰሪያ አንቀጹንም ላቲን እንደኛ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ይወዳል፣ ቃላቱን ግን ከኛ በላይ እንደፈለገ ይበትናቸዋል፤ ቅጽሉ እዚህ፣ ስሙ ከአራት ቃል በኋላ እዚያ። ግዕዝ ቅኔ የሰማ ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዝኛ ግን ቃላቱን በቦታቸው ካላስቀመጠ ትርጉሙ ይጠፋበታል። ስለዚህ ተርጓሚው ወይ ያረዝማል፣ ወይ ይቆርጣል።

የመጀመሪያው ፈተና፦ አንድ ቃል

መጽሐፍ ስትመርጡ ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ገጽ ክፈቱና ኤንያስ ምን ተብሎ እንደተጠራ እዩ። ላቲኑ «ፋቶ ፕሮፉጉስ» ይላል። «ፋቶ» በዕጣ፣ በተጻፈለት ነገር ማለት ነው። «ፕሮፉጉስ» ነው ጉዱ።

ጆን ድራይደን በ1697 «የተባረረና የተጋዘ» በሚል መልክ አወጣው። ሮበርት ፊትዝጄራልድ በ1983 ሸሽቶ ያመለጠ የሚል ቃል መረጠ፣ ኮብላይ እንደማለት። ሮበርት ፌግልስ በ2006 ግዞተኛ አለው። ሻዲ ባርች በ2020 ስደተኛ አለችው፤ ዜና ላይ በየቀኑ የምንሰማውን የዛሬውን ቃል።

በአማርኛ እነዚህን አራቱን ደጋግማችሁ አንብቧቸው። አንድ ሰው አይደሉም። ግዞተኛውን ያወጣው ባለሥልጣን ነው፣ ኮብላይ የሚፈልገው ሰው ከኋላው አለ፣ ስደተኛ ደግሞ ቤቱ ተቃጥሎበት የወጣ ነው። ላቲኑ ሁሉንም በአንድ ቃል ይይዛል፤ ተርጓሚው አንዱን መርጦ ሌሎቹን መልቀቅ አለበት። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የእንግሊዝኛው «ስደተኛ» የሚለው ቃል የተለመደው ከ1685 በኋላ ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የሸሹ ፕሮቴስታንቶች ሲመጡ ነው። ድራይደን ሲተረጉም ቃሉ ገና አዲስ ነበር፣ ሰዎቹም ለንደን ውስጥ ነበሩ። እሱ ግን አልነካውም። የባርችን ምርጫ እወደዋለሁ። በሱዳን በረሃ ወይም በሊቢያ በኩል የወጣ ዘመድ ያለው ሰው፣ ይህንን ቃል የጀግና ግጥም የመጀመሪያ ስንኞች ላይ ሲያገኘው የሚሰማው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና፦ የማን እንባ ነው?

አንደኛው መጽሐፍ ላይ፣ ስንኝ 462። ኤንያስ ከማዕበል ተርፎ ማንም በማያውቀው አገር ካርቴጅ ገብቷል። በመሠራት ላይ ባለ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሥዕል ያያል። ሥዕሉ የራሱ አገር ጦርነት ነው፤ የሞቱት ጓደኞቹ፣ የተገደለው ንጉሥ። ቆሞ ያለቅስና ለጓደኛው አንድ ነገር ይላል፦ «ሱንት ላክሪማይ ሬሩም»። ቃል በቃል «የነገሮች እንባ አለ»። ከዚያ ይቀጥልና ሟች የሆነ ነገር ልብ ይነካል ይላል።

«የነገሮች እንባ» ማለት ነገሮች የሚያለቅሱት ነው ወይስ ለነገሮች የሚለቀስ? የኛ «የ» ይሄንን ጠባይ አላት፤ «የእናቴ ናፍቆት» ስንል እናቴ የምትናፍቀውም እኔ እሷን የምናፍቀውም ሊሆን ይችላል። አማርኛ አንባቢ እንግዲህ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። አሁን ተርጓሚዎቹ ምን እንዳደረጉ እዩ። ፊትዝጄራልድ ሰዎቹን አስለቀሳቸው፦ እዚህ አገር ሰዎች ስለ ዓለም አካሄድ ያለቅሳሉ፣ አላፊው ሕይወታችን ልባቸውን ይነካል። ፌግልስ ዓለምን ራሷን የእንባ ዓለም አደረጋት። ዴቪድ ዌስት በ1990 ባወጣው የስድ ንባብ ትርጉም ለመከራ የሚፈስ እንባ አለ ብሎ በቀጥታ ነገረን። ድራይደን ደግሞ እንባውን ጨርሶ አወጣው። በእሱ ስንኝ ዲዳዎቹ ግድግዳዎች የጀግናውን ዝና ይናገራሉ፣ የትሮይም ሐዘን የአገሩን ሰዎች ርኅራኄ ይጠይቃል። ያምራል፣ ቤት ይመታል። ቨርጂል ያለው ግን እሱን አይደለም።

ከዚያው ግድግዳ ሳትወጡ 27 ስንኝ ውረዱ። ሥዕሉ ላይ ጥቁሩ ሜምኖን ከምሥራቅ ጭፍሮቹ ጋር አለ። ሜምኖን በግሪኮቹ ትረካ ትሮይን ለመርዳት የዘመተ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው። ላቲኑ «የምሥራቅ ጭፍራና የጥቁሩ ሜምኖን መሣሪያ» ነው የሚለው፣ ሌላ የለውም። ድራይደን ጭፍሮቹን የሕንድ ሰዎች አደረጋቸው። በጥንቱ ዘመን ሕንድና ኢትዮጵያ ይቀላቀሉ ስለነበር ከባዶ ተነስቶ አይደለም፤ ቢሆንም ላቲኑ ውስጥ ሕንድ የሚል ቃል የለም። የምትገዙትን ትርጉም በዚህ ስንኝ ብትፈትኑት በደንብ ይነግራችኋል፤ ተርጓሚው የሌለውን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

ድራይደን፦ ለማን ይሆናል?

ድራይደንን እየነቀፍኩ የመጣሁ ይመስላል። አይደለም። ካነበብኳቸው ሁሉ ትልቁ ገጣሚ እሱ ነው። ብቻ የመጀመሪያ መጽሐፋችሁ አታድርጉት።

ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እየመታ ይሄዳል፣ አንድ ሐሳብ በሁለቱ ውስጥ ይዘጋል። አማርኛ ግጥም ላደገበት ጆሮ ይሄ ከየትኛውም ትርጉም በላይ ይጥማል፣ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ደግሞ ያስደስታል። ዋጋው ርዝመት ነው። ቤት ለማስመታት ቃል መጨመር ግድ ይላል፤ ወደ 9,900 የነበረው ስንኝ እሱ ጋ ከ13,000 በላይ ሆኗል። ሌላው ነገር ሐሳቡ በየሁለት ስንኙ ስለሚዘጋ ቨርጂል ሰባት ስምንት ስንኝ እየጎተተ የሚያመጣው ረዥም ትንፋሽ ይቆራረጣል። እኔን ያደከመኝ ይሄ ነበር፤ ያኔ ግን ምክንያቱን አላወቅኩም።

ሰውየው ራሱ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ትርጉም ሦስት ዓይነት ነው ብሎ በ1680 ጽፏል፤ ቃል በቃል የሚሄድ፣ ሐሳቡን ይዞ በራሱ ቃል የሚሄድ፣ ከዋናው ተነስቶ እንደፈለገ የሚሄድ። እሱ መካከለኛውን መረጠ። ቨርጂል እንግሊዝ አገር፣ በእሱ በድራይደን ዘመን ቢወለድ ኖሮ ሊናገር የሚችለውን እንግሊዝኛ ለማናገር ሞከርኩ አለ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ተርጓሚዎችን ለሁለት ይከፍላል። ገጣሚውን ወደ አንባቢው አገር እናምጣው ወይስ አንባቢውን ወደ ገጣሚው አገር እንውሰደው?

ትርጉሙን ስታነቡ የዘመኑን ፖለቲካም አትርሱ። ድራይደን ካቶሊክ ሆኖ ነበር። በ1688 ካቶሊኩ ንጉሥ ተባርሮ ዊሊያም ሲነግሥ የቤተ መንግሥት ገጣሚነቱን አጣ። አሳታሚው መጽሐፉን ለዊሊያም መታሰቢያ እንዲያደርገው ለመነው፤ ድራይደን እምቢ አለ። አሳታሚው ታዲያ ሥዕሎቹን አስነካክቶ የኤንያስን አፍንጫ የንጉሡን ቆልማማ አፍንጫ አስመሰለው። ሥልጣን ያጣ ሽማግሌ አገሩን ስላጣ ሰው እየተረጎመ ነበር። ያንን አውቃችሁ ስታነቡት ስንኞቹ ይከብዳሉ።

ከእሱ በፊት የነበሩትን ለማወቅ ጉጉ ካልሆናችሁ ዝለሏቸው። ጋቪን ዳግላስ በ1513 በስኮትላንድ ቋንቋ ሙሉውን ተረጎመው፣ በጣም ሕያው ነው፣ ቃላቱ ግን ያለ መፍቻ አይነበቡም። ሰሪ የምትባለው የእንግሊዝ ግዛት መስፍን ሄንሪ ሃዋርድ ሁለተኛውንና አራተኛውን መጽሐፍ ብቻ ነው የተረጎመው፤ በ1547 አንገቱን ተቀላ። ቤት የማይመታ ባለ አሥር ቀለም ስንኝ በእንግሊዝኛ የተወለደው በእሱ ትርጉም ነው። ሼክስፒርም ሚልተንም በኋላ የተጠቀሙበት ስንኝ ይኸው ነው። የላቲኑ ቤት አለመምታት ነው ለእንግሊዝኛ ይህንን መንገድ የከፈተለት። ይሄ ሁሌ ያስደንቀኛል፤ አንድ ሰው በትርጉም ሲቸገር ያገኘው መፍትሔ የቋንቋው ዋና ዜማ ሆኖ ቀረ።

ከድራይደን በኋላ ካሉት የዊሊያም ሞሪስን የ1875 ትርጉም በነጻ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሆን ብሎ በሱ ዘመንም ያረጁ ቃላትን ይጠቀማል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች አይመከርም፤ ሁለት ጊዜ መተርጎም ይሆናል።

የዛሬዎቹ፦ እዚህ ላይ ነው ምርጫው

ታሪኩን ብቻ በፍጥነት ማወቅ ከፈለጋችሁ ዌስትን ውሰዱ። ስድ ንባብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይዋሽም። ጎን ለጎን ላቲን መማር የጀመራችሁ ደግሞ በሎብ ተከታታይ የወጣውን ቀይ ሽፋን ያለውን እትም ፈልጉ፤ ግራው ገጽ ላቲን፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው። ለመማሪያ እንጂ ለመመሰጥ አይሆንም።

ግጥሙን እንደ ግጥም ለሚፈልግ ሰው ዋናው ፉክክር በፊትዝጄራልድና በፌግልስ መካከል ነው፣ ሁለቱን በየጎኑ ይዤ ብዙ ማታ ስላሳለፍኩ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፌግልስ ፈጣን ነው። ስንኞቹ ረዘም ይላሉ፣ የሚነገሩ እንጂ የሚጻፉ አይመስሉም፣ ጦርነቱ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል። በጆሮ ለማዳመጥ ከፈለጋችሁ እሱን ምረጡ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁም ይከተላችኋል። ችግሩ አንዳንዴ ቨርጂል ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቨርጂል በአንድ ቅጽል የሚያልፈውን እሱ በሁለት ያጠናክረዋል።

ፊትዝጄራልድ ዝግ ይላል። ቤት አይመታም፣ ግን ስንኙ ልክ አለው፣ ሐሳቡም ከስንኝ ወደ ስንኝ ይፈሳል። ያንን የቨርጂልን ረዥም ትንፋሽ እሱ ጋ ነው ያገኘሁት። ሐዘኑ ያለበት ቦታ፣ ሁለተኛውና አራተኛው መጽሐፍ፣ እሱን የሚያክለው አላየሁም። ጓደኛዬ ያዋሰኝ እሱን ነበር፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ተመልሼ አንብቤዋለሁ።

ሁለቱን የሚለይ ሌላ ነገር ላሳያችሁ። ቨርጂል ኤንያስን ደጋግሞ «ፒዩስ» ይለዋል። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ዲዶ እያለቀሰች፣ ከሃዲ ብላው፣ ረግማው ስትሄድ፣ ልቡ እየፈለጋት ወደ መርከቦቹ በሚመለስበት ስንኝ ላይ ይህንኑ ቃል ያስቀምጠዋል። ድራይደን እዚያ ቦታ «ደጉ ኤንያስ» ብሎ አለፈው። ሴትዮዋን ጥሎ የሚሄድ ሰው ደግ ሲባል አንባቢ ይናደዳል፣ እኔም ተናድጃለሁ። ፊትዝጄራልድ በግዴታ የታሰረ የሚል አደረገው። ፌግልስ ግዴታ የሚነዳው አለ። የታሰረና የሚነዳ። አንደኛው ቆሞ ይሠቃያል፣ ሌላኛው መሄድ ጀምሯል።

ለኔ ግን የሁለቱም «ግዴታ» ትንሽ የቢሮ ሽታ አለው። ቃሉ ለአባት፣ ለልጅ፣ ለአማልክት፣ ገና ላልተወለደ ሕዝብ ሁሉ የሚሸከሙት ነገር ነው። በአማርኛ በጣም የሚቀርበው «አደራ» ይመስለኛል። ኤንያስ ከሚቃጠል ከተማ ይዞ የወጣው አደራ ነው፣ ዲዶ ጋ ቢቀር አደራ በላ ይሆናል። እንዲህ አድርጌ ካነበብኩት በኋላ ተናደድኩበት እንጂ አልናቅኩትም። እንግሊዝኛ ትርጉም ስታነቡም እንዲህ አድርጉ፤ የማይዋጥላችሁ ቃል ሲያጋጥማችሁ በአማርኛ ምን እንደሚሆን ለራሳችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የኛ ቃል ይቀርበዋል።

ሴቶቹ ተርጓሚዎች ከመጡ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ሳራ ሩደን በ2008 ስንኝ በስንኝ ተረጎመችው፣ በ2021 አሻሽላ አወጣችው። አስቡት፣ አሥር ቀለም ባለው የእንግሊዝኛ ስንኝ ውስጥ እስከ 17 ቀለም ያለው ላቲን ማስገባት። የምትጨምረው ትርፍ ቃል የላትም፣ የሚቆረጥ ካለ ይቆረጣል። ውጤቱ ደረቅ ያለ፣ ጠንካራ፣ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚቀር ነው። ድራይደንና ሩደንን አንድ ገጽ ጎን ለጎን ብታነቡ፣ የአንዱ መወፈርና የሌላዋ መቅጠን ከአንድ ግጥም የመጣ አይመስላችሁም። ባርችም ቁጥብ ናት፤ ቋንቋዋ ግን ከሩደን ይልቅ ለዛሬ አንባቢ ይቀርባል። እንግሊዝኛው እንዲቀላችሁ ከፈለጋችሁና ግጥምነቱም እንዳይጠፋ ካላችሁ እሷን እመክራለሁ።

ፍሬድሪክ አል በ2007 ከሁሉም የተለየ ነገር ሞክሯል። የላቲኑን ስድስት እርምጃ በእንግሊዝኛ አስኬደው፣ የቨርጂልን የቃላት ጨዋታም ሊያመጣ ታግሏል። ቅኔ የሚወድ ሰው ሙከራውን ያከብርለታል። ለመጀመሪያ ንባብ ግን ይከብዳል።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ማንበብ ከቻላችሁ

ጊዜ የለኝም፣ 12ቱን አልዘልቅም ካላችሁ አየርላንዳዊው ገጣሚ ሼመስ ሂኒ የተረጎመውን ስድስተኛውን መጽሐፍ አንብቡ። በ2013 ከሞተ በኋላ በ2016 የወጣ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የላቲን አስተማሪው በትምህርት ቤት ሌላ መጽሐፍ እያስተማሩ «ምነው ስድስተኛው በሆነ» ይሉ ነበር። አባቱ ሲሞት ወደዚያ መጽሐፍ ተመለሰ።

ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ ኤንያስ የሞተ አባቱን ለማየት ወደ ሙታን አገር ይወርዳል። ያገኘዋል። ሦስት ጊዜ ሊያቅፈው ይሞክራል፣ ሦስት ጊዜ እንደ ነፋስ፣ እንደ ሕልም ከእጁ ያመልጠዋል። ቨርጂል እነዚህን ሦስት ስንኞች ሁለተኛው መጽሐፍ ላይም በሚስቱ ጥላ ጊዜ ቃል በቃል ብሏቸዋል። ሂኒ እዚህ ቦታ ላይ ምንም አያስጌጥም። የገበሬ ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛው አፈር አፈር ይላል፣ ቀላል ቃል ይጠቀማል። አባቴን ቀብሬ በተመለስኩበት ዓመት ነው ያነበብኩት፤ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ

እንደ ልብ ወለድ መጨረሻውን ማየት ያበላሻል ብላችሁ አትፍሩ፣ ኤንያስ እንደሚያሸንፍ ቨርጂል ከመጀመሪያው ነግሮናል። የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። ተርኑስ የሚባለው ጠላቱ ቆስሎ ተንበርክኮ ምሕረት ይለምናል። ኤንያስ ይዘገያል፣ ልቡ ሊራራ ነው፤ ከዚያ የሞተው ወዳጁን ቀበቶ በተርኑስ ትከሻ ላይ ያያል፣ ይገድለዋል። ግጥሙ እዚያው ያበቃል። ድል የለም፣ ሠርግ የለም። የመጨረሻው ቃል «ኡምብራስ» ነው፣ ጥላዎች፤ ነፍሱ እየቃተተችና እየተቆጣች ወደ ጥላዎች ትወርዳለች። ፌግልስ ከታች ባሉት ጥላዎች፣ ፊትዝጄራልድ ከታች ባለው ጨለማ ይዘጉታል። ድራይደን ነፍሲቱን በንቀት እያጣደፈ በቁስሉ በኩል ያወጣታል፣ ጥላዎቹንም ማቃሰቱንም ይተዋቸዋል። ሰይፉ የሚገባበት ግስም አለ። ላቲኑ «ኮንዲት» ይላል። ይሄ ግስ ግጥሙ መጀመሪያ ላይ፣ አምስተኛው ስንኝ ላይ መጥቶ ነበር፤ እዚያ ሥራው ከተማ መመሥረት ነው። ቨርጂል ሮምን በሚመሠርትበት ቃል ሰው ይገድላል። ድራይደን ሰይፉን ነዳው፣ ፊትዝጄራልድ አሰጠመው፣ ፌግልስ ብቻ ነው ተከለው ያለው፣ ለዚህ አንድ ቃል ስል ሁለተኛ ቅጂ ብገዛ አይቆጨኝም። በአማርኛ ደግሞ ደብርም ይተከላል፣ ጦርም ሰው ደረት ላይ ይተከላል።